አንድ ክኒን፣ ሁለት ሚዛን
ከተመዘገበለት ዓላማ ውጭ የሚሰጥ መድኃኒት በወሊድ ጊዜ

መግቢያ

ስለ ፈሳሾች ፍሰት በምናስተምርበት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የመጣች የጤና ሳይንስ ተማሪ እጇን አውጥታ ጥያቄ አቀረበችልን። ለተግባር ልምምድ በወጣችበት ጤና ጣቢያ፣ ልጅዋን በሰላም ለተገላገለች እናት ሦስት ትንንሽ ክኒኖች ሲሰጡ አይታለች። የክኒኑን ስም በአንድ የመድኃኒት መጽሐፍ ስትፈልገው ግን «የጨጓራ ቁስለትን ለመከላከል» የሚል አገኘች፤ ዝቅ ብሎም ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረበት። «መምህር፣ ለጨጓራ የተሠራን መድኃኒት ለወላድ መስጠት ስሕተት አይደለም ወይ?» ስትል ጠየቀችን።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የፊዚክስ መምህርን የሚመለከት አይመስልም። ነገር ግን ባሰላሰልነው ቁጥር በውስጡ በየዕለቱ የምናስተምራቸው ሦስት ጉዳዮች እንዳሉ ተገነዘብን። እነርሱም የፈሳሽ ፍሰት፣ ሙቀት በኬሚካዊ ለውጥ ላይ ያለው ተጽዕኖና የልኬት ትክክለኛነት ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መመዘን ማለት ምን እንደሆነ እንድናስብ አስገደደን። ሚዛን ሁለት ሳህን አለው። በአንዱ ሳህን ላይ መድኃኒቱን ብናስቀምጥ በሌላው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ካላወቅን መዘንን ማለት አንችልም።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ይህም ጽሑፍ ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ መድኃኒት እንዲወስድ ወይም እንዲሰጥ የሚያስችል መመሪያ አይደለም። ዓላማው ተማሪዎች በሕይወትና በሞት መካከል የሚደረግን አንድ ስሌት ደረጃ በደረጃ እንዲከታተሉ መርዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

«ከተመዘገበለት ዓላማ ውጭ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት አምራቹ ድርጅት የጥናት ውጤቱን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ያቀርባል። በአገራችን ይህን ሥራ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪው አካል ማስረጃውን መርምሮ መድኃኒቱ ለየትኛው በሽታ፣ በምን መጠን፣ በምን መንገድና ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። ውሳኔው በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ እንኳ ከመግለጫው ወጥቶ መድኃኒቱን ሲጠቀም፣ መድኃኒቱ ከተመዘገበለት ዓላማ ውጭ ዋለ ይባላል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ከተመዘገበለት ዓላማ ውጭ የዋለ መድኃኒት ሐሰተኛ መድኃኒት ማለት አይደለም። ሕገ ወጥ ነው ማለትም አይደለም፤ በብዙ አገሮች ሐኪሞች በቂ ማስረጃ ሲኖራቸው እንዲህ ያለውን አጠቃቀም ሕግ ይፈቅድላቸዋል። በሌላ በኩል ግን ደኅንነቱ ተረጋግጧል ማለትም አይደለም። መግለጫው ዝም ሲል ዝምታው «አደገኛ ነው» ወይም «አደገኛ አይደለም» የሚል ትርጉም የለውም። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አምራቹ ያንን አጠቃቀም ለተቆጣጣሪው አቅርቦ አለማስመዝገቡን ነው።

ይህ ዝምታ ከሌሎች ሕሙማን ይልቅ በነፍሰ ጡሮች ላይ ይበረታል። ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች ይሸጥ የነበረው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ምክንያት ሆኖ በ1961 ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ነፍሰ ጡሮችን ከመድኃኒት ሙከራ ማራቅን መረጡ። ጥንቃቄው ተገቢ ምክንያት ነበረው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ችግር ወለደ። ነፍሰ ጡሮች በሙከራ ካልተካተቱ ለእነርሱ የሚሆን መግለጫ አይጻፍም። መግለጫ ባይጻፍም እናቶች መታመማቸውና መድማታቸው አይቀርም። ስለዚህ በወሊድ ሕክምና ውስጥ ከመግለጫ ውጭ መጠቀም የተለመደ ነገር ሊሆን ችሏል።

የአንድ ክኒን ታሪክ

ተማሪያችን ያየችው ክኒን ሚሶፕሮስቶል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አስመስሎ በ1973 ሲርል በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የተሠራ ነው። በ1988 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ የሕመም ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን የጨጓራ ቁስለት እንዲከላከል ፈቀደው። የንግድ ስሙም ሳይቶቴክ ተባለ።

ይሁን እንጂ ፕሮስታግላንዲኖች የሚሠሩት ጨጓራ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማሕፀን ጡንቻም እንዲኮማተር ያደርጋሉ። በመግለጫው ላይ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ የተጻፈውም በዚሁ ምክንያት ነበር። በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ግን ማስጠንቀቂያውን ሲያነቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ማሕፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት ፅንስ በውስጡ ሳለ ጉዳት ነው፤ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ያው ኃይል የሚፈለግ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 2000 ሲርል ለሐኪሞች በላከው ደብዳቤ ስለ ማሕፀን መቀደድና ስለ ሌሎች አደጋዎች አስጠንቅቆ፣ ምጥ ለማስጀመር ስለሚደረገው አጠቃቀም ጥናት እንዳላካሄደና ለማካሄድም እንደማያስብ ገለጸ። በ2002 የአሜሪካው መግለጫ ሲሻሻል፣ የእርግዝናው እገዳ መድኃኒቱን ለጨጓራ በሚወስዱት ላይ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የተመዘገበለት ዓላማ ግን የጨጓራ ቁስለት እንደሆነ ቀረ።

አምራቹ ያላካሄደውን ጥናት ዩኒቨርሲቲዎችና የዓለም ጤና ድርጅት አካሄዱት። በመጨረሻም በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ኦክሲቶሲን በማይገኝበት ወይም በአግባቡ ሊሰጥ በማይችልበት ቦታ ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን የደም መፍሰስ ለመከላከል እንዲያገለግል ሚሶፕሮስቶልን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካተተው። ዛሬ በኢትዮጵያም በጤና ሚኒስቴር የወሊድ አያያዝ መመሪያ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ያው ሞለኪውል በአንድ አገር ወረቀት የጨጓራ፣ በሌላ አገር መመሪያ የወላድ መድኃኒት ሆኗል። የወረቀቱ ጉዳይ የሕግና የንግድ ታሪክ ውጤት ነው። መድኃኒቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ለመመለስ ግን ወደ ሰውነት ውስጥ መግባት አለብን።

ደሙ እንዴት ይቆማል?

በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አንዲት ነፍሰ ጡር በጠቅላላው ከ5 እስከ 6 ሊትር ያህል ደም ይኖራታል። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ወደ እርሱ ይፈስሱ የነበሩት የደም ሥሮች አፋቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ፍሰቱን 600 ሚሊ ሊትር ብለን ብንወስድና ምንም የሚያግደው ነገር ባይኖር፣ 6 ሊትሩ በ10 ደቂቃ ያልቅ ነበር። ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ ከመጠን ያለፈ የደም መፍሰስ ይባላል፤ በዚህ ስሌት ወሰኑ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደረስበታል።

ታዲያ አብዛኞቹ እናቶች የሚድኑት እንዴት ነው? የማሕፀን ጡንቻ ጭረቶች የደም ሥሮቹን ከየአቅጣጫው አቋርጠው ያለፉ ናቸው። ጡንቻው ሲኮማተር የደም ሥሮቹን እንደ ክር ይቋጥራቸዋል። እዚህ ላይ ሐኪምም የፊዚክስ ተመራማሪም የነበረው ፈረንሳዊው ፑዋዚይ በ19ኛው መቶ ዘመን ያገኘው ሕግ ይረዳናል። በሕጉ መሠረት በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው። ስለዚህ ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ 2×2×2×2 ማለትም 16 እጥፍ ይቀንሳል። 600 የነበረው ወደ 38 ገደማ ይወርዳል። ሬዲየሱ በ20 በመቶ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ፍሰቱ ወደ 41 በመቶ ዝቅ ይላል። የደም ሥር እንደ ብረት ቱቦ ግትር ስላልሆነ ሕጉ እዚህ ላይ ግምታዊ ነው፤ ቢሆንም ትንሽ መኮማተር ትልቅ ለውጥ የሚያመጣበትን ምክንያት በሚገባ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የደም መርጋት ሥራውን ይፈጽማል።

ማሕፀን ከደከመና ካልተኮማተረ ግን ሕጉ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሠራል። ለዚህ ነው ለወለደች እናት ሁሉ ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት እንዲሰጥ የሚመከረው። ቀዳሚው ምርጫ ኦክሲቶሲን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ ይህን ሆርሞን በ1953 በቤተ ሙከራ ሠርቶ በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። መድኃኒቱ በመርፌ በ10 ዩኒት መጠን ይሰጣል። ሚሶፕሮስቶል ደግሞ በአፍ የሚዋጥ ክኒን ነው።

የመደመርና የመቀነስ ምልክት

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። ሁለት ትላልቅ ጥናቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች ያካሄደውና በ2001 የታተመው ነው። ከ18,000 በላይ እናቶች በዕጣ ተመድበው ግማሾቹ 600 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶል፣ ግማሾቹ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ተሰጣቸው። ጥናቱ የተካሄደው በሆስፒታሎች ነበር። 1,000 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም የፈሰሳቸው ሚሶፕሮስቶል ከወሰዱት መካከል 4 በመቶ፣ ኦክሲቶሲን ከወሰዱት መካከል 3 በመቶ ሆኑ። በሌላ አነጋገር፣ ከ1,000 እናቶች መካከል በኦክሲቶሲን ፋንታ ሚሶፕሮስቶል በመሰጠቱ 10 ያህል ተጨማሪ እናቶች ለከባድ የደም መፍሰስ ተዳረጉ።

ሁለተኛው በሕንድ ቤልጋም ወረዳ ገጠሮች ተካሂዶ በ2006 የታተመው ነው። 1,620 እናቶች በቤታቸው ወይም በአነስተኛ የጤና ኬላዎች በረዳት አዋላጆች እጅ ወለዱ፤ ኦክሲቶሲን በዚያ አልነበረም። ግማሾቹ ያንኑ 600 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የደሙት ከ12 በመቶ ወደ 6.4 በመቶ፣ 1,000 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የደሙት ደግሞ ከ1.2 በመቶ ወደ 0.2 በመቶ ወረዱ። እንግዲህ ከ1,000 እናቶች መካከል 10 ያህሉ ከከባድ የደም መፍሰስ ተረፉ ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። ክኒኑ ያው ነው፤ መጠኑም ያው ነው። በአንዱ ጥናት ከ1,000 እናቶች 10 ሲያጎድል በሌላው 10 ጨመረ። የተለወጠው መድኃኒቱ ሳይሆን በሌላው ሳህን ላይ የተቀመጠው ነገር ነው። በመጀመሪያው ጥናት ሌላው ሳህን ላይ ኦክሲቶሲን ነበር፤ በሁለተኛው ላይ ባዶ እጅ። የሁለቱ ጥናቶች አገሮችና የደም መለኪያ ዘዴዎች የተለያዩ ስለሆኑ ቁጥሮቹን በቀጥታ መደመርና መቀነስ አይገባም። የምልክቱ መለወጥ ግን ዋናው ትምህርት ነው።

የጉዳቱንም ወገን መቁጠር ይገባናል። በቤልጋም ሚሶፕሮስቶል ከወሰዱት 52 በመቶ ያህሉ ሲንቀጠቀጡ አስመሳዩን ክኒን ከወሰዱት የተንቀጠቀጡት 17 በመቶ ያህል ነበሩ። ትኩሳትም ከ1.1 ወደ 4.2 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ነው፤ ነገር ግን አራሷ ስትንቀጠቀጥ ቤተሰብ «ብርድ መታት» ብሎ ሊደነግጥ ወይም የጤና ባለሙያው ትኩሳቱን ከኢንፌክሽን ለመለየት ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ለእናቲቱና ለአስታማሚዎቿ መናገር የሕክምናው አካል ነው።

ስለ ቁጥር አነባበብም አንድ ነገር እንጨምር። «የደም መፍሰሱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ» ማለትና «ክኒኑን ከወሰዱ 18 እናቶች አንዷ ከደም መፍሰስ ዳነች» ማለት ከአንድ ጥናት የወጡ ሁለት እውነተኛ አባባሎች ናቸው። የመጀመሪያው አንጻራዊ ለውጥ ሲሆን ጆሮ ይስባል። ሁለተኛው ፍጹም ልዩነት ሲሆን ውሳኔ ለመስጠት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንዷ እንድትድን 17ቱ ያለዚያ ጥቅም የመንቀጥቀጡን ዕድል እንደሚቀበሉ ያሳያል።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚጓዝ ብልቃጥ

«እንግዲያውስ ኦክሲቶሲን ከተሻለ ለምን ሁሉም እናት አታገኘውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ያለው በሙቀት ሳይንስ ውስጥ ነው። ኦክሲቶሲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት በመሆኑ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በየ10 ዲግሪው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል በሚለው የተለመደ ግምት ብንሄድ፣ በ25 ዲግሪ የተቀመጠ መድኃኒት በ5 ዲግሪ ከተቀመጠው በአራት እጥፍ፣ በ35 ዲግሪ የተቀመጠው ደግሞ በስምንት እጥፍ ፍጥነት ይበላሻል።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሯ ለዘብ ያለ ነው። ከዚያ ወደ ጊምቢ የሚሄደው መንገድ ግን ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ በወንዙ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ የ800 ሜትሩ ልዩነት በ5 ዲግሪ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ማለት ነው። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ይህ አኃዝ እጅግ ከፍ ይላል። ከጊምቢ ወደ ነጆ፣ ወደ መንዲ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚቀጥል ብልቃጥ ዳገትና ቁልቁለቱን የሚያልፈው በቅዝቃዜ መያዣ ካልሆነ በስተቀር ሲደርስ ኃይሉ ምን ያህል እንደቀረ በዓይን አይታወቅም። የተበላሸው ፈሳሽም እንደ ደኅናው ጥርት ያለ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥርም በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያው ሂደት ይደገማል።

ሚሶፕሮስቶል ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። እርሱ ግን የራሱ ጠላት አለው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኘው ይፈርሳል። በአልሙኒየም ማሸጊያው ውስጥ እስካለ ድረስ ደኅና ነው፤ ከማሸጊያው ወጥቶ የተቀመጠ ክኒን ግን በሁለት ቀን ውስጥ እንኳ በመሣሪያ የሚታወቅ ለውጥ እንደሚያሳይ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ወለጋ ከአገራችን ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው። በክረምት ወራት ከማሸጊያው ተፈልፍሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የተሰጠ ክኒን ስሙን እንጂ ኃይሉን ላይይዝ ይችላል።

ሌላም አማራጭ መጥቷል። ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን የተባለ መርፌ በ10 አገሮች ወደ 30,000 በሚጠጉ እናቶች ላይ ተፈትኖ በ2018 የታተመው ውጤት፣ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነውን የደም መፍሰስ በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳየ። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ጋር መደበው። መርፌ መውጋት የሚችል ባለሙያ ግን አሁንም ያስፈልገዋል።

ያው ክኒን ከወሊድ በፊት

እስካሁን የተናገርነው ልጁ ከተወለደ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። አሁን ሰዓቱን ወደ ኋላ እንመልሰውና ምጥ ለማስጀመር ሲሰጥ እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚመክረው በአፍ የሚሰጥ መጠን በየሁለት ሰዓቱ 25 ማይክሮግራም ነው። ከወሊድ በኋላ ለመከላከያ ከሚሰጠው 600 ማይክሮግራም ጋር ሲነጻጸር 24 ጊዜ ያነሰ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደም ሥሮቹን የሚቋጥረው መኮማተር ፅንሱ በውስጥ ሳለ የሚተነፍስበትን ደም ይቆርጥበታል። ከመጠን በላይ ሲሆንም ማሕፀን ይቀደዳል። ከዚህ ቀደም በቀዶ ጥገና በወለደች እናት ጠባሳው ደካማ ቦታ ስለሆነ፣ እንዲህ ላለችው እናት ምጥ ለማስጀመር ሚሶፕሮስቶል አይሰጥም። በቤት ውስጥ ከወሊድ በኋላ ሲሰጥም በመጀመሪያ በማሕፀን ውስጥ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። ያልታወቀ መንታ ካለ መድኃኒቱ «ከወሊድ በኋላ» ሳይሆን «ከወሊድ በፊት» ተሰጠ ማለት ነውና።

እዚህ ላይ የልኬት ጥያቄ ይመጣል። ለጨጓራ የተሠራው ክኒን 200 ማይክሮግራም ነው። 25 ለማግኘት ከስምንት መክፈል ያስፈልጋል። ትንሽ ክኒን በምላጭ ከስምንት ሲከፈል ቁራሾቹ እኩል አይሆኑም፤ አንዱ 15 ሌላው 35 ማይክሮግራም ቢይዝ ስሕተቱ 40 በመቶ ይሆናል። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ክኒኑን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙቶ በደንብ እያማሰሉ 25 ሚሊ ሊትር መለካት ነው። በዚህ ጊዜ በመለኪያው 1 ሚሊ ሊትር ብንስት ስሕተቱ 4 በመቶ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ 25 ማይክሮግራም ሆኖ የተሠራ ክኒን አለ። ከተመዘገበለት ዓላማ ውጭ መጠቀም ከሚያስከትላቸው አደጋዎች አንዱ እንግዲህ ይህ ነው። ሞለኪውሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የተሠራበት መጠን ለሌላ ሥራ የታሰበ ሊሆን ይችላል።

በወለጋ ሚዛኑን ማን ይይዛል?

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ሆነዋል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን መመደቡ ለዚህ መሻሻል አስተዋጽኦ አድርጓል። ያም ሆኖ ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች በ2019 እንኳ የሚወልዱት በቤታቸው ነበር። በትግራይ ገጠር በተካሄደና በ2009 በታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች እጅ ሚሶፕሮስቶል ካገኙት እናቶች መካከል ለደም መፍሰስ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈለጋቸው ካላገኙት ያነሱ ነበሩ።

በነቀምቴ ሆስፒታሎች ለምትወልድ እናት ሌላው ሳህን ላይ ያለው ደኅና ኦክሲቶሲን፣ ደም፣ የቀዶ ጥገና ክፍልና ባለሙያ ነው። ለእርሷ ሚሶፕሮስቶልን ከኦክሲቶሲን ማስቀደም ትርፍ የለውም። ከአስፋልት ርቃ በቃሬዛ ተይዛ ለሰዓታት መጓዝ ላለባት እናት ግን ሌላው ሳህን ባዶ ሊሆን ይችላል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የደረሰው ግጭት ብዙ የጤና ተቋማትን አገልግሎት አስተጓጉሎ መንገድ ሲዘጋ፣ ትናንት ሙሉ የነበረ ሳህን በአንድ ሌሊት ባዶ የሆነባቸው ቀበሌዎች ነበሩ። ሚዛኑ የሚለያየው በሁለት አገሮች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ወረዳ ውስጥም፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በሁለት ወራት መካከልም ነው።

አንድ የሚያሠጋ ነገር አለ። «ለገጠር ክኒን ይበቃል» የሚል አስተሳሰብ ማቀዝቀዣው እንዳይጠገን፣ መንገዱ እንዳይሠራ፣ አዋላጅ ነርሷ እንዳትመደብ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ባዶውን ሳህን ለጊዜው የሚሸፍን እንጂ የሚሞላ አይደለም። ደም ከፈሰሰ በኋላ ክኒን ደም አይተካም። ክኒኑን የምታገኝ እናት ወደ ጤና ተቋም ሄዳ እንድትወልድ፣ ቤቷ የራቀ ከሆነም ቀኗ ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ እንድትቆይ የሚሰጣት ምክር ከክኒኑ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት።

ሚዛኑን የምትይዘው ግን በመጨረሻ እናቲቱ ናት። የሚሰጣት መድኃኒት ለምን እንደሆነ፣ በመግለጫው ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ ከሆነም ለምን እንደተጻፈ፣ ምን ሊሰማት እንደሚችልና ሌላ አማራጭ እንዳለ በምትረዳው ቋንቋ፣ በወለጋ ለአብዛኛዋ እናት በአፋን ኦሮሞ፣ ሊነገራት ይገባል። ይህ መነገር ያለበት ምጥ ከመጀመሩ በፊት፣ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ነው። በምጥ ላይ ያለች ሴት ቁጥር አመዛዝና ፈቃድ እንድትሰጥ መጠበቅ ፈቃድ መጠየቅ አይባልም።

ማጠቃለያ

ለተማሪያችን የሰጠናት መልስ ይህ ነው። ያየሽው ስሕተት አልነበረም፤ ጥያቄሽም ስሕተት አልነበረም። በመጽሐፍሽ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፤ ፅንስ በማሕፀን ሳለ ክኒኑ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያው ያደረገውም ኦክሲቶሲን በዚያን ሰዓት ካልነበረው ትክክል ነው፤ ከነበረው ግን ለምን እንዳልሰጠ መጠየቅ ይገባሽ ነበር። በሚቀጥለው ልምምድሽ ክኒኑን ብቻ ሳይሆን የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትርም አንብቢው።

መልመጃ

1. የአንድ የደም ሥር ሬዲየስ በ30 በመቶ ቢቀንስ ፍሰቱ ከመጀመሪያው ስንት በመቶ ይሆናል? ሬዲየሱ በ10 በመቶ ቢጨምርስ?

2. በቤልጋም ጥናት ትኩሳት ከ1.1 በመቶ ወደ 4.2 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጡን በአንጻራዊና በፍጹም ልዩነት ግለጹ። ለአንዲት እናት የትኛውን ትነግሯታላችሁ? ለምን?

3. በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ከነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበትን ዝቅተኛ ከፍታ ከካርታ ፈልጉ። በዚያ ቦታ አየሩ ከነቀምቴ በስንት ዲግሪ ይሞቃል ብላችሁ ትገምታላችሁ?

4. በዚያው ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣው ለአንድ ሳምንት ቢበላሽ የሚዛኑ ሌላኛ ሳህን እንዴት እንደሚለወጥ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር ተወያዩበት።